ስደተኛ ከመሆናቸው በፊት እሳት አጥፊ ነበሩ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። ስለ ካርድ እድሳት፣ ስለ ሪሴትልመንት ወይም ስለተቋረጠ ድጋፍ አይደለም። ስለ እነሱ ብዙ ጽፌአለሁ፣ ገናም እጽፋለሁ። የዛሬው ስለ አንድ አያት ነው። በእሳቸው ምክንያት ደግሞ ስለ ሁላችንም የሕይወት ታሪክ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካርቲየ 4 አንድ ሽማግሌ ቀበርን። ቤተሰባቸው ስማቸው ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ ስለጠየቀ ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሰፈሩ ሰው፣ ሶማሌውም አፋሩም የመኑም፣ «ፖምፒዬ» ነበር የሚላቸው። በፈረንሳይኛ እሳት አጥፊ ማለት ነው። የሰፈሬ ልጆች ማንን እንደምል ገብቷችኋል።

በቀብሩ ላይ እንደ ወጋችን የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ግማሽ ገጽ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በ1970 ዓ.ም. በአገር ቤት በነበረው ችግር ተሰደው ጅቡቲ ገቡ፤ የሦስት ልጆች አባትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። በቃ፣ አለቀ። ያነበበውን ወንድም አልወቅስም፤ የተሰጠውን ነው ያነበበው።

ለቅሶው ላይ ተቀምጠን ሳለ የልጅ ልጃቸው ጠጋ አለኝ። እኔ ኬሚስትሪ የማስተምረው የ16 ዓመት ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ሰፈሩ አያቴን ፖምፒዬ የሚላቸው ለምን ነበር?» አለኝ። በየበሩ ከሚያስቀምጡት የአሸዋ ቆርቆሮ የተነሳ የወጣላቸው የቀልድ ስም ይመስለው ነበር። አያቱ አዲስ አበባ ውስጥ 12 ዓመት ሙሉ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንደነበሩ የነገረው የለም። ይህ ልጅ ከአያቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያደገው።

የምለውን ከወዲሁ በግልጽ ልበለው። እኛ ስደተኞች ሽማግሌዎቻችንን ስንቀብር ከእነሱ ጋር ሙያቸውን አብረን እየቀበርን ነው። የሕይወት ታሪክ ብለን የምናነበው የስደት ታሪክ ብቻ ሆኗል፦ ተወለዱ፣ ተሰደዱ፣ ዐረፉ። በመካከል ያለው ሰውዬ የት ሄደ? ምን ያውቅ ነበር? እጁ ምን ይሠራ ነበር? ይህን ሌላ ሰው መጥቶ እንዲጽፍልን መጠበቅ የለብንም።

አንድ ነገር አስታውሱ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ተነሥተው የመጡት ወደዚህች ወደ ጅቡቲ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከዚሁ ወደብ ወጡ። ንጉሡ በሄዱባቸው በእነዚያ ቀናት አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። ንጉሡ አምስት ዓመት በስደት ቆዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ኖሩ።

ጋሼ ይህን ታሪክ ለሰፈሩ ልጆች ሲነግሩ አንዲት ጥያቄ ያስከትሉ ነበር። «ታዲያ ንጉሡን ስደተኛ ብሎ የሚጠራቸው ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ልጆቹ ይስቃሉ። እሳቸው ግን አይስቁም። ጥያቄው የምር ነበር። ንጉሥ ቢሰደድ ንጉሥነቱ አይሰረዝም፤ ታሪክ ሲጻፍ ስደቱ አንድ ምዕራፍ ይሆንለታል። እሳት አጥፊ፣ ነርስ፣ ሸማኔ፣ መካኒክ ሲሰደድ ግን ሙያው ድንበር ላይ ተራግፎ ስደቱ ሙሉ መጽሐፉ ይሆናል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ለንጉሡ የሚጽፍላቸው ሰው ስለነበረ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ስለ ጋሼ ሥራ ከራሳቸው የሰማሁትን ልጻፍ። ለጎረቤትነት በቆየንባቸው ዓመታት ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያጫወቱኝ ነው።

በ1958 ዓ.ም. በ21 ዓመታቸው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት እሳት አደጋ ተቀጠሩ። እንደሚሉት እሳት አጥፊ መጀመሪያ የሚማረው ውሃ መርጨት ሳይሆን መመልከት ነው። እሳቱ የት ነው? ነፋሱ ወዴት ነው? ውስጥ ሰው አለ? መኪናው በየት ይገባል? ውሃው ከየት ይመጣል? እነዚህን ሳያይ ቱቦ የሚዘረጋ ሰው ለራሱም ለጓደኛውም አደጋ ነው። የዚያ ዘመን አዲስ አበባ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ ከተማ ነበረች። አጥር ከአጥር፣ ጣሪያ ከጣሪያ የተነካካ ነው። የሚቃጠለውን ቤት ማዳን አልሆን ሲል የሚቀጥለውን ቤት ለማዳን አጥር ያፈርሳሉ። አጥሩን ሲያፈርሱ ባለቤቱ ይረግማቸዋል። በማግስቱ ደግሞ ያው ባለቤት አመድ ያልሆነው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይመርቃቸዋል። «ይህ ሥራ እርግማንና ምርቃት በአንድ ቀን የምትቀበልበት ሥራ ነው» ይሉ ነበር።

ይህ የትናንት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁላችንም በስልካችን ተከታትለናል። መንገዱ ጠባብና የተጨናነቀ መሆኑ ለእሳት አደጋ መኪኖች ሥራውን እንዳከበደው በወቅቱ ተነግሯል። ጋሼ ያን ሌሊት አልተኙም። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ቪዲዮውን እያዩ «ነፋሱን እዩት፣ ነፋሱን እዩት» ይሉ ነበር። ሌላው ሰው የሚያየው ነበልባል ነው፤ እሳቸው የሚያዩት ነበልባሉ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ሥራውን ከተዉ 47 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሙያ ማለት ይህ ነው፤ ካርድ ቢወስዱብህም ዓይንህ ላይ ይቀራል።

ከዚያ 1970 ዓ.ም. መጣ። የዚያን ዘመን ለማብራራት አልሞክርም፤ ቀይ ሽብር ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። ጋሼም ለምን እንደወጡ በዝርዝር አይናገሩም፣ ማንም አያስገድዳቸውም። የሚናገሩት መንገዱን ነው። የኦጋዴን ጦርነት ስለነበር የባቡሩ መስመር ተቋርጦ ነበር። ያ የምድር ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ስንቱን ሰው ወዲህና ወዲያ አመላልሷል፤ ንጉሡንም ጭምር። ለጋሼ ግን አልደረሰላቸውም። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን በረሃ አብዛኛውን በእግር ነው የመጡት። ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተኝተው ሌሊት እየተጓዙ፣ ሐዲዱን ከሩቅ እየተከተሉ። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር፤ ነጻነቷን ያወጀችው ጁን 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አገርና አዲስ ስደተኛ እኩል ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ የእኛ ሰዎች የሚሰፍሩት አሊ ሳቢዬና ዲኪል ነበር። ጋሼ አሊ ሳቢዬ ጥቂት ቆይተው ወደ ከተማ ገቡ። ወደብ ላይ ጆንያ ተሸከሙ። ከዚያ የሌሊት ዘበኛ ሆኑ፤ እርጅና እስኪያስቀምጣቸው ድረስ ሥራቸው እሱ ነበር። አገር ቤት ያገለገሉበት 12 ዓመት ጡረታ አላስገኘላቸውም፤ እዚህ የሠሩበትም እንደዚያው። ሰው ግን ምን ይሠራሉ ብሎ ሲጠይቃቸው «ጡረታ የወጣሁ እሳት አጥፊ ነኝ» ነበር መልሳቸው። «ጡረታ የወጣሁት ከእሳት ነው እንጂ ወደ ደሞዝ አይደለም» ብለው ይጨምሩበታል።

የጅቡቲ ኑሮ ለስደተኛ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም፤ እንደ ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። በ1983 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ከዩኤንኤችሲአር ጋር በጀመሩት የመመለስ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። ጋሼ አልሄዱም። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው በሙሉ እስከ ኦገስት 31 ይውጣ ተባለ፤ ቀኑ ወደ ሴፕቴምበር 15 ተገፋ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው ከዚህ ከተማ ወጡ። ያን ጊዜ ጋሼን ያስጠጓቸው አንዲት ሶማሌ ጎረቤታቸው ናቸው። ሴትየዋ ለጠየቃቸው ሁሉ «ይህ ሽማግሌ የሰፈሩ ፖምፒዬ ነው፤ እሱ ከሄደ ቤቴ ሲቃጠል ማን ያጠፋልኛል?» ይሉ ነበር አሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። በዚያ ክፉ ሰዓት ሰውዬውን ያቆማቸው ያሳለፉት መከራ አይደለም። መከራ ሁሉም ነበረው። ያቆማቸው በሰፈሩ ውስጥ አንድ ነገር የሚያውቁ ሰው ሆነው መታወቃቸው ነው።

እና ምን ነበር የሚያውቁት? ካርቲየ 4ን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ብዙው ቤት ሳንቃና ቆርቆሮ ነው። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ሳንቃው እንደ ክብሪት ይደርቃል። እዚያ ቤት ውስጥ ከሰል ይነዳል፣ ነጭ ጋዝ ይነዳል፣ አሮጌ የመብራት ሽቦ በጣሪያው ላይ ይሄዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ መብራት መምጣት ከጀመረ ወዲህ ኤሌክትሪኩ ተሻሽሏል፤ የቤቱ ውስጥ ሽቦ ግን ያው የድሮው ነው።

ጋሼ በራሳቸው ወጪ የዘይትና የወተት ዱቄት ባዶ ቆርቆሮ ይሰበስቡ ነበር። አሸዋ ሞልተው በየበሩ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው። ድመት የሚጸዳዳበት ሆነ ተባለ። እሳቸው አሸዋውን እየቀየሩ ቀጠሉ። አንድ ቀን ማታ በእኛ መንገድ አንዲት እናት ቤት የነጭ ጋዝ ምድጃ ተገልብጦ ወለሉ ተቀጣጠለ። ልጅቷ ውሃ ይዛ ሮጠች። ጋሼ ከበሩ ጮኹባት፤ ውሃውን ጥላ አሸዋውን አነሣች። ሦስት ቆርቆሮ አሸዋ በቃ። የተቃጠለው አንድ ምንጣፍ ብቻ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ እንደ ኬሚስትሪ አስተማሪ አስረድቼዋለሁ፤ እዚህም ላስረዳ፣ ለቤታችሁ ይጠቅማል። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚነድ ነገር፣ ኦክስጅንና ሙቀት። አንዱን ካጎደልክበት ይሞታል። ውሃ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ለእንጨትና ለጨርቅ ጥሩ ነው። ነጭ ጋዝ ግን ከውሃ ይቀላል። ውሃ ስትደፋበት ከላይ ይንሳፈፍና እየነደደ ውሃው ወደሄደበት ሁሉ ይሄዳል። እሳቱን አጠፋሁ ብለህ ቤቱን ሁሉ ታዳርሰዋለህ። አሸዋ ግን ይከድነዋል፣ አየር ይነፍገዋል። በመብራት ሽቦ ለተነሳ እሳትም ውሃ አይደፋም፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ይጠፋል። ከሰል ደግሞ ቤት ዘግቶ አይታደርበትም፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ተማሪዎቼ ይህን በፈተና ጽፈውልኛል። የጋሼ ሰፈር ልጆች ግን ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁት ነበር። የጅቡቲ የእሳት አደጋ ቁጥር 18 መሆኑንም እንደ ዘፈን ያስጠኗቸው እሳቸው ናቸው።

ያ የልጅ ልጅ ይህን ሁሉ ሲያይ ነው ያደገው። አሸዋውንም አብሮ ሞልቷል። የማያውቀው ከየት እንደመጣ ነው። የአንድ ሽማግሌ ጠባይ ነው ብሎ ያሰበው ነገር አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ያሠለጠነው፣ በመለዮና በፊሽካ የተማሩት፣ ጓደኞች የተጎዱበት ሙያ ነበር። ይህን ማወቁ ለልጁ ምን ያደርግለታል? እኔ ብዙ ያደርግለታል ባይ ነኝ። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ፣ መንገድ ላይ በሶማልኛ፣ ቤት በአማርኛ ነው የሚናገረው። እዚህ ተወለደ፤ ግን የዚህ አገር ዜግነት በትውልድ ቦታ አይሰጥም። ፎርም ሲሞላ «ስደተኛ» ይላል፣ እሱ ግን ከየትም አልተሰደደም። ከአያቱ የወረሰው ነገር ይህ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ምን ዓይነት ውርስ ነው? «የእሳት አጥፊ የልጅ ልጅ ነኝ» ማለት ግን የሚቆምበት መሬት ይሰጠዋል።

አንዳንዶቻችሁ የፓሪሱን ማሞዱ ጋሳማን ታስታውሱ ይሆናል። ወረቀት የሌለው የ22 ዓመት የማሊ ስደተኛ ነበር። በሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ የተንጠለጠለ ሕፃን አይቶ በባዶ እጁ ፎቅ በፎቅ ወጥቶ አዳነው። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ፕሬዚዳንት ማክሮን ቤተ መንግሥት ጠሩት፣ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ዜግነት አገኘ፣ በፓሪስ እሳት አደጋ ብርጌድም እንዲያገለግል ተደረገ። እኔም ያን ጊዜ እንደ ሁላችሁም በደስታ ሼር አድርጌዋለሁ። ልጁ ይገባዋል፤ ከዚያም በላይ ይገባዋል።

ጋሼ ቪዲዮውን ሲያዩ መጀመሪያ ያደነቁት አወጣጡን ነው። «ክንዱን እዩት፣ ይሄ ልጅ ሳይማር የተማረ ነው» አሉ። ቀጥለው ግን እንዲህ አሉ፦ «ባይወጣስ ኖሮ? ከታች ቆሞ ቢያለቅስ ኖሮ ሰው አልነበረም?»

ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም። ለስደተኛ የተከፈቱ ሁለት በሮች ብቻ ያሉ ይመስላል። አንዱ የተጎጂ በር ነው፤ ቁስልህን አሳይተህ ትገባለህ። ሌላው የጀግና በር ነው፤ አራት ፎቅ ወጥተህ ትገባለህ። የተራ ሠራተኛ በር የለም። ጠዋት ተነሥቶ ሥራውን በአግባቡ የሠራ፣ ማታ ወደ ቤቱ የገባ፣ ልጆቹን ያሳደገ ሰው በየትኛው በር ይግባ? ጋሼ አራት ፎቅ አልወጡም። ካሜራ አላያቸውም። ለአርባ ዓመት አሸዋ ሞሉ። ብዙዎቹ አያቶቻችን እንደዚህ ናቸው። የሕይወት ታሪክ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው፤ ጀግናውንማ ቴሌቪዥኑ ያስታውሰዋል።

አሁን የሚቀርቡብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ፤ በለቅሶው ላይም ሰምቻቸዋለሁ።

አንደኛው፣ «የሞተን ማወደስ ልማዳችን ነው፤ ሲሞት ሁሉም ደግ ይሆናል» የሚል ነው። እውነት አለው። ግን እኔ የማወራው ስለ ውዳሴ አይደለም። ጋሼ መልአክ አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ለዓመታት አይነጋገሩም ነበር። ደጃፉ ላይ ዕቃ የቆለለን ሰው በአደባባይ ይሳደባሉ፤ መንገድ ተዘጋ፣ እሳት ቢነሳ በየት እንወጣለን ብለው። ይህም ይጻፍ። ሙያን መመዝገብ ማለት ሰውዬውን በነጭ ቀለም መቀባት አይደለም። ይልቁንም «ደግ፣ ሰው ወዳጅ፣ ታታሪ» እያልን ለሁሉም የምናነበው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው ሰውን የሚያጠፋው።

ሁለተኛው፣ «ለስደተኛ መታወቅ አደጋ ነው፤ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ አለ፣ ዝም ማለት ይሻላል» የሚል ነው። ይህን በቀላሉ አላየውም። ስንቶቻችን በሌላ ስም እንደምንኖር አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ዛሬ የጋሼን ስም ያልጻፍኩት፤ እንዲያም ሆኖ ማን እንደነበሩ አወቃችሁ። ስም ሳይጠራ ሙያ ይጻፋል። ፖለቲካውንም ተዉት፣ ማን ማንን አሳደደ የሚለውን ባለቤቱ ካልፈለገ አትጠይቁ። ሥራውን ጠይቁ። ሽማግሌ ስለ ስደቱ ሲጠየቅ ድምፁ ይወርዳል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ቀና ብሎ ይቀመጣል። ይህን በዓይኔ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሦስተኛው፣ «መጀመሪያ ዳቦ፣ ከዚያ ታሪክ» የሚለው ነው። ዳቦው ላይ አልከራከርም። ግን ሁለቱ እንደሚመስለን የተራራቁ አይደሉም። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግና በዚያው ዓመት መጨረሻ የተከተሉት ድንጋጌዎች ለስደተኛ ትምህርት የመማር፣ ጤና አገልግሎት የማግኘትና የመሥራት መብት አስቀምጠዋል። ልጆቻችን በአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲካተቱም መንገዱ የተከፈተው ያኔ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ መሬት ላይ ደርሷል አልልም፤ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም የመሥራት መብት አለን ብለን ስንጠይቅ ቀጣዩ ጥያቄ «ምን ትችላላችሁ?» ነው። ያን ጊዜ የምንመልሰው ምን አለ? እርስ በርሳችን እንኳ ማን ምን እንደሚችል አናውቅም። በዚህ ሰፈር የባቡር መካኒክ የነበሩ፣ አዋላጅ የነበሩ፣ መርከብ ላይ የሠሩ፣ ማተሚያ ቤት ፊደል የለቀሙ ሰዎች አሉ። ልጆቻቸው «አባቴ ዘበኛ ነው» ይላሉ። ዘበኝነት ክቡር ሥራ ነው፤ ግን የሰውየው ግማሽ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ገንዘብ አያስፈልገውም፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

እድሮቻችንን እንዲህ ልለምን። የመዋጮ መዝገብ አላችሁ፤ ማን መቼ እንደከፈለ በሳንቲም ታውቃላችሁ። ከዚያው መዝገብ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። እያንዳንዱ አባል በሕይወት ሳለ፣ በራሱ አንደበት፣ አንድ ገጽ ያስጽፍ። ሲሞት የሚነበበው እሱ ይሁን። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት የሰማንያ ዓመት ታሪክ እንዲጽፍ መጠበቅ ግፍ ነው፤ ግማሽ ገጽ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

መምህራን ባልደረቦቼ፣ እናንተም። ተማሪ ድርሰት ጻፍ ሲባል «ትምህርት ለምን ይጠቅማል» ብለን ከምናሰለቸው፣ ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጠይቆ እንዲመጣ እናድርግ። እኔ በዚህ ተርም ጀምሬአለሁ። በኬሚስትሪ ክፍል ምን አገናኘው የሚለኝ ካለ፣ አያቶቻችን ከሰል አክስለዋል፣ ቆዳ አልፍተዋል፣ ጠላና ጠጅ ጠምቀዋል፣ ብረት አቅልጠዋል፤ ከዚህ በላይ ኬሚስትሪ የት አለ?

ተማሪዎቼ ይዘውት የሚሄዱት ጥያቄ አምስት ብቻ ነው። እናንተም ውሰዱት፦

1. ከመሰደድዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር? አንድ የሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ይውል ነበር?

2. ሥራውን ማን አስተማረዎት?

3. በየት በኩል መጡ? ማን ረዳዎት?

4. እዚህ ከመጡ በኋላ የድሮው ሙያዎ የጠቀመበት ቀን አለ?

5. ከሚያውቁት ውስጥ አንድ ነገር አሁን ያሳዩኝ።

አምስተኛውን አትዝለሉት። አንዲት ተማሪዬ አያቷን ስትጠይቅ ሴትየዋ ተነሥተው በሁለት ክንዳቸው ሕፃን እንዴት እንደሚገለበጥ አሳዩዋት። አዋላጅ ነበሩ። ልጅቷ አያቷን 15 ዓመት ታውቃቸዋለች፤ ያን ቀን አዲስ ሰው አየች።

የጋሼን የልጅ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን መልሼለታለሁ። የነገሩኝን ሁሉ ነገርኩት፦ ስለ 1958ቱ ቅጥር፣ ስለሚፈርሰው አጥር፣ ስለ ነፋሱ። እየጻፈ ሰማኝ። አሁን እንጀራ እናቱና አጎቶቹ ጋር እየዞረ የቀረውን እየሰበሰበ ነው። ለ40ኛው ቀን መታሰቢያ የሚነበበው ገጽ በእሱ እጅ የተጻፈ ይሆናል፤ በአማርኛ ጽፎ ለጓደኞቹ በፈረንሳይኛ ሊተረጉመው አስቧል። አሸዋውንም እሱና የሰፈሩ ልጆች ተከፋፍለው ይዘውታል፤ በሳምንት አንድ ቀን ይቀይሩታል።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ኮሜንት ላይ «ነፍስ ይማር» ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። የእናንተ አያት፣ አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት ከመሰደዳቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ጻፉልኝ። ስም አያስፈልግም። ከተማውን፣ ዘመኑንና ሙያውን ብቻ። የማታውቁ ካላችሁና ሰውየው በሕይወት ካሉ፣ ስልኩን አስቀምጡና አሁኑኑ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ጻፉ።

ጋሼ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ።

ከካርቲየ 4፣ ጅቡቲ